የቡና ለቀማ ክፍያ ልጆችን ከትምህርት ገበታ በማያስቀር መንገድ እንዴት ይተመናል?

የቡና ለቀማ ከትምህርት ዓመቱ የመጀመሪያ መንፈቅ ጋር ይገጣጠማል። በአብዛኞቹ ቡና አብቃይ አካባቢዎቻችን እሸቱ በጥቅምት መቅላት ይጀምራል፤ ዋናው ለቀማ በኅዳርና በታኅሣሥ ይካሄዳል፤ ጥር ሲገባ ደግሞ የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና ይደርሳል። በኅዳር ሦስት ሳምንት ከክፍል የቀረ ልጅ ፈተናው ሳይዘጋጅ ይደርስበታል፤ ከወደቀ በኋላም ወደ ክፍል ለመመለስ ወኔ ያጣል። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ለመሠረታዊ የኅብረት ሥራ ማኅበራት አመራሮች፣ ለማጠቢያ ጣቢያ ኃላፊዎችና ለቃሚ ለሚቀጥሩ የእርሻ ባለቤቶች ነው።

በቅድሚያ ሕጉን ማወቅ ያስፈልጋል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላውን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 18 ዓመት ያሉትን «ወጣት ሠራተኛ» ብሎ ይጠራቸዋል፤ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ በትርፍ ሰዓት፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን፣ በሕዝብ በዓል፣ እንዲሁም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ማሠራትም አይፈቅድም። የመጨረሻው ክልከላ በተለይ ማጠቢያ ጣቢያዎችን ይመለከታል፤ ቀን የተለቀመው እሸት ሳያድር መፈልፈል ስላለበት ሥራው እስከ ሌሊት ይዘልቃል፣ ጆንያ የሚያቀብሉትና ቦዩን የሚጠርጉት ብዙ ጊዜ ጎረምሶች ናቸው። በአንጻሩ በግሉ ዘርፍ የሚሠራበት አገር አቀፍ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ስለሌለ፣ ለአንድ ኪሎ እሸት ስንት ይከፈል የሚለውን የሚወስነው በተግባር አሠሪው ነው። ኃላፊነቱም በዚያው ልክ የእርሱ ይሆናል።

«ሕፃናትን ማሠራት ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ በእርሻው በር ላይ መለጠፍ ቀላል ነው፤ የሚለውጠው ነገር ግን ጥቂት ነው። ለቃሚ የሚከፈለው በኪሎ ነው። ልጅ የለቀመው እሸት ወደ እናቱ ጆንያ ይገባል፣ በመዝገቡ ላይም የሚሰፍረው የእናትየዋ ስም ብቻ ነው። ተመኑ ዝቅ ሲል አንዲት እናት ብቻዋን ለቅማ የቀን ጉርሷን ስለማትሸፍን ልጆቿን ይዛ ትመጣለች፤ የልጆቹ ጉልበት ሲጨመርበት ደግሞ በመዝገቡ ላይ የቀን ገቢዋ በቂ ሆኖ ይታያል፣ አሠሪውም ተመኑ ትክክል ነው ብሎ ያምናል። የሕፃናት ጉልበት ዝቅተኛውን ክፍያ ደግፎ የሚያቆመው በዚህ መንገድ ስለሆነ፣ ሥራው ከተመኑ መጀመር አለበት።

ተመን ለማውጣት የሙከራ ለቀማ ያድርጉ። ፈጣን፣ መካከለኛና ዘገምተኛ የሆኑ፣ ሴትም ወንድም ያሉባቸው ስድስት ያህል አዋቂዎች ያለ ማንም ረዳት በሕግ የተፈቀደውን 8 ሰዓት፣ ከማሳ ወደ ሚዛን የሚሄዱበትን ጊዜ ጨምሮ፣ ቀይ እሸት ብቻ ይልቀሙ። ይህን ሙከራ ሦስት ጊዜ መድገም ይገባል፦ እሸቱ ገና እዚህም እዚያም መቅላት ሲጀምር፣ ዋናው ለቀማ ሲደርስ፣ በመጨረሻም ወደ ቃርሚያው ሲቃረብ። አንድ ሰው በኅዳር አጋማሽ በቀን የሚለቅመውን በጥቅምት መጀመሪያ ሊያገኘው አይችልም፤ ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲመላለስ ይውላልና። ወቅቱን ሙሉ አንድ ተመን ብቻ የሚጠቀም እርሻ በመጀመሪያዎቹና በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ለቃሚዎቹን ያስርባል፤ ልጆች በብዛት ወደ ማሳ የሚመጡትም ያኔ ቢሆን ሊያስገርም አይገባም።

ለስሌቱ የፈጣኑን ሳይሆን የመካከለኛውን ለቃሚ ውጤት ይውሰዱ። ከዚያ የቀን ገቢው ስንት መሆን እንዳለበት ይወስኑ። ለዚህ ሁለት ነገሮችን ያነጻጽሩ፦ አንደኛው በዚያው ሳምንት በዚያው ቀበሌ ለሌላ የጉልበት ሥራ የሚከፈለው የቀን ሒሳብ ነው፤ ሁለተኛው የአንድ ቤተሰብ የእህል፣ የዘይት፣ የሳሙና፣ የቤት ኪራይና የደብተር ወጪ ነው፣ ይህንንም ገበያ የሚወጡትን ሴቶች ጠይቆ በገበያ ዋጋ ማስላት ይቻላል። ከሁለቱ ከፍ ያለውን መነሻ ያድርጉ። ለአሠራሩ ምሳሌ ያህል፣ የቀኑ ገቢ 400 ብር እንዲሆን ቢወሰንና መካከለኛው ለቃሚ በዋናው ወቅት 40 ኪሎ ቢለቅም ተመኑ በኪሎ 10 ብር ይሆናል፤ በጥቅምት 20 ኪሎ ብቻ ከለቀመ ግን 20 ብር መሆን አለበት። በየሳምንቱ ተመን መቀያየር የሚያስቸግረው እርሻ ለመጀመሪያዎቹና ለመጨረሻዎቹ ሳምንታት የኪሎ ክፍያውን ትቶ በቀን ሒሳብ ቢከፍል ይሻላል፤ በእኔ እምነት ለጥራቱም የተሻለው ይህ ነው፣ በኪሎ የሚከፈለው ለቃሚ ሲቸኩል አረንጓዴውንም አብሮ ይነጫልና።

ትክክለኛ ተመን በሚዛን ሊሸረፍ ይችላል። ሚዛኑ ለቃሚው ቁጥሩን በሚያይበት አቅጣጫ ይቀመጥ፤ ክብደቱ በታወቀ ዕቃ በየጠዋቱ ይፈተሽ፤ የሚቀነሰው የጆንያው ወይም የቅርጫቱ ትክክለኛ ክብደት ብቻ ይሁን። ለእያንዳንዱ አዋቂ የራሱ ካርድ ይሰጠው። ባልና ሚስት አብረው ቢለቅሙም የሚስትየዋ ኪሎ በስሟ ተመዝግቦ ገንዘቡ በእጇ ይሰጣት። ካቦ (የለቃሚዎች አለቃ) ካለም ድርሻውን ከለቃሚዎቹ ሒሳብ እንዳይቀንስ አሠሪው ለብቻው ይክፈለው። ይህ መዝገብ ሌላም ጥቅም አለው፦ የአንድ ካርድ ኪሎ በሙከራው ከተገኘው እጅግ ሲበልጥ የሌሎች እጆች እንዳሉበት ይጠቁማል፤ ያኔ ወደ ማሳው ሄዶ ማየትና ቤተሰቡን በአክብሮት ማነጋገር ነው።

ቆጠራ ብዙ ጊዜ የሚዘላቸው ልጆችም አሉ። እሸት አይነኩም፤ እናታቸው እየለቀመች ሕፃኑን አዝለው በጥላው ሥር የሚውሉ የስምንትና የዘጠኝ ዓመት ሴት ልጆች ናቸው። ከክፍል መቅረታቸው ግን ከሚለቅሙት አይለይም። እንደ በበቃና ቴፒ ባሉ ትልልቅ እርሻዎች ለቃሚዎች ከከምባታ፣ ከሀዲያና ከወላይታ ርቀው የሚመጡ በመሆናቸው ሕፃኑን የሚይዝ አያት ወይም ጎረቤት አብሯቸው የለም። ጥላ፣ ንጹሕ ውኃና ምንጣፍ ያለበት ማቆያ አዘጋጅቶ ሁለት ሴቶችን በለቃሚ የቀን ሒሳብ መቅጠር ለእነዚህ ልጆች ትልቁን ለውጥ ያመጣል። ከሌላ ወረዳ የመጡትን ልጆች ደግሞ ለወቅቱ እንዲቀበላቸው ከአካባቢው ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ጋር በመስከረም መነጋገር ያስፈልጋል።

ዕድሜ ሲያጠራጥር የትምህርት ቤት ካርድ፣ የክትባት ካርድ ወይም የቀበሌ ማስረጃ ይጠየቅ። ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ሲለቅም ከተገኘ እናቱን ማባረር ትልቅ ስሕተት ነው፤ ቤተሰቡ ወደ ሌላ እርሻ ይሄዳል፣ ልጁም እዚያ ይለቅማል። እስከዚያ ሰዓት የለቀመው ይከፈል፤ ልጁ ወደ ክፍል ይመለስ፤ እናቱ በሥራዋ ትቆይ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በቤተሰቡ ጓሮ አባቱን የሚያግዝ ተማሪ ከዚህ ጋር አይደባለቅ፤ መለኪያው ከክፍል መቅረቱና ከአቅሙ በላይ መሸከሙ ነው።

ወጪው ከየት ይመጣል ለሚለው ጥያቄ፣ የፌርትሬድ (የፍትሐዊ ንግድ) ሰርተፊኬት ያላቸው ማኅበራት አንድ መንገድ አላቸው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከነሐሴ 2023 ጀምሮ ለታጠበ አራቢካ ቡና የተቀመጠው ዝቅተኛ ዋጋ በአንድ ፓውንድ ክብደት (0.45 ኪሎ ገደማ) 1.80 ዶላር ሲሆን፣ በላዩ 0.20 ዶላር የማኅበረሰብ ፕሪሚየም፣ ማለትም ለማኅበሩ የሚሰጥ ተጨማሪ ክፍያ፣ ይታሰባል። 60 ኪሎ የሚይዙ 320 ጆንያዎችን ለጫነ አንድ ኮንቴይነር ፕሪሚየሙ ወደ 8,460 ዶላር ይደርሳል፤ ከእርሱ ቢያንስ ሩቡ ለምርታማነትና ለጥራት የሚውል ነው። የቀረውን በምን ላይ እንደሚያውል የሚወስነው የአባላት ጠቅላላ ጉባኤ ነው፣ ለቃሚው ግን አባል አይደለም፤ በጉባኤው ድምፅ የለውም፣ አጀንዳው ካልተያዘለትም ምንም አይደርሰው። ስለዚህ የማቆያው ወጪና የወቅቱ መጀመሪያ የቀን ሒሳብ ማካካሻ በአጀንዳነት ከለቀማው በፊት መቅረብ አለባቸው።

ለቀማው ሲያበቃ፣ በጥር፣ ከትምህርት ቤቱ የጥቅምት፣ የኅዳርና የታኅሣሥ የክፍል መከታተያ ይጠየቅ። የቀሩትን ልጆች ቁጥር በየሳምንቱ ከሚዛን መዝገቡ ጋር ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው። ልጆች በብዛት በቀሩበት ሳምንት የአዋቂዎቹ አማካይ የቀን ገቢ ከታሰበው በታች ወርዶ ከተገኘ፣ በመጪው ዓመት በቅድሚያ መስተካከል ያለበት የዚያ ሳምንት ተመን ነው።