በረዶን በዘይት ቀለም፦ ነጩን ለመጨረሻ አቆዩት

በረዶ ሲወርድ አይቼ አላውቅም። የምኖረው ድሬ፣ ከዚራ ነው። እህቴ ግን ቶሮንቶ ናት። የሰፈሯን ፎቶ ልካ «ይቺን መንገድ ሳዪልኝ» አለችኝ።

በመጀመሪያው ሙከራ ነጭ ቀለሙን እንዳለ አፈሰስኩት። አይታ «ኖራ የተቀባ ከተማ ይመስላል» አለች። ልክ ነበረች። ነገሩ የገባኝ ሐረር ሄጄ ነው። ጠዋት ጁገል ውስጥ ኖራ የተቀባ ግድግዳ ጥላ ውስጥ ቆምኩና ነጭ ወረቀት ፀሐዩ ላይ ዘርግቼ ሁለቱን አስተያየሁ። ጥላው ያረፈበት ግድግዳ ነጭ አልነበረም፤ ሰማያዊ ነበር። በረዶም እንደዚያው ነው።

ሸራውን መጀመሪያ በርንት ሲየና የሚባለውን ቡናማ በአኳራጅ አቅጥናችሁ ቀቡት። ነጭ ሸራ ላይ ነጭን መመዘን ይከብዳል። ቀጥሎ ጨለማውን አስቀምጡ፦ ሕንፃውን፣ ቅርንጫፉን፣ ጎማ የሄደበትን እርጥብ አስፋልት። በረዶው የሚነጣው ጎረቤቱ ሲጠቁር ነው።

ጥላው ላይ አትቸኩሉ። ነጭ ቲታኒየም፣ ትንሽ አልትራማሪን ሰማያዊ፣ ከቡናማው ደግሞ በብሩሽ ጫፍ ብቻ። ሰማያዊው ብቻውን ከሆነ ይጮሃል፤ የሚያረጋጋው ቡናማው ነው። ፓሌት (ቀለም መደባለቂያ ሰሌዳ) ላይ አመድ የሚመስለው ድብልቅ ቡናማው ሸራ ላይ ሲያርፍ ይነጣል። እጃችሁ «ነጭ ልጨምር» ሲላችሁ እምቢ በሉት።

በእህቴ ፎቶ ላይ መሽቷል። እዚያ በታኅሣሥ ፀሐይ የምትጠልቀው አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ነው። ቢጫ መብራት ያረፈበት በረዶ ብርቱካንማ ነው፤ ኦከር የሚባለውን አፈርማ ቢጫ ጨምሩበት። ከመብራቱ እየራቀ ሲሄድ ወደ ሐምራዊ ያዘነብላል። ቀዩ ትራም አጠገብ ያለው በረዶም ትንሽ ቅላት ይቀበላል። ይህቺን ነገር በጣም ነው የምወዳት።

የታችኛው ቀለም በአኳራጅ የቀጠነ፣ የላይኛው የተልባ ዘይት የበዛበት ይሁን። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ቀለሙ ውሎ አድሮ ይሰነጠቃል። ድሬ ላይ ሙቀቱ አኳራጁን ቶሎ ስለሚያተነው እኔ የምሠራው በማለዳ፣ መስኮት ከፍቼ ነው።

ወፍራሙን ነጭ አሁን አምጡት። በስፓቱላ፣ ሦስት አራት ቦታ ብቻ፦ የመኪና ጣሪያ፣ የደረጃ ጠርዝ፣ መብራቱ ስር። የሚወርደውን በረዶ ሸራው ከደረቀ በኋላ ጨምሩ፤ ካላማረ በጨርቅ ይጠረጋል። የቅርቡ ተለቅ፣ የሩቁ ደቀቅ ይበል። ደግሞ ጨለማው ሕንፃ ፊት ላይ አድርጉት፤ ነጩ ጣሪያ ላይ ብታንጠባጥቡት አይታይም።