ሜዳ ስታሰምሩ

የከተማችን እግር ኳስ ክለብ በታችኛው ሊግ ነው የሚጫወተው። ሜዳው ሳሩ አልቆ አቧራ ሆኗል። መስመሩን የማሰምረው እኔ ነኝ።

ማልዳችሁ ጀምሩ። ከረፈደ ነፋሱ የማስመሪያውን ዱቄት ይበትነዋል። ማታ ማስመርም አያዋጣም፤ አንዴ ላሞች አልፈውበት ግማሹን አስራ ስድስት ከሃምሳ (ከጎሉ ፊት ያለውን የቅጣት ክልል) አጥፍተውት አድረዋል።

ዋናው ሥራ ሲባጎው ነው። 9.15፣ 11 እና 16.5 ሜትር ላይ ቋጠሮ አድርጉበት። የመሃሉን ክብ ለማውጣት ካስማ ትከሉ፣ ሲባጎውን እሰሩ፣ 9.15 ቋጠሮውን ይዛችሁ ዙሩ። ወጥራችሁ ካልያዛችሁት ክቡ እንቁላል ይሆናል፤ የእኔ የመጀመሪያው እንደዚያ ነበር፣ ዳኛው ሳቀብኝ።

ማዕዘኑ ቀጥ እንዲል በአንዱ መስመር 3 ሜትር፣ በሌላው 4 ሜትር ለኩ። በሁለቱ ጫፎች መካከል ልክ 5 ሜትር ካልመጣ ጠማማ ነው፤ አስተካክሉት። አስራ ስድስት ከሃምሳው ደግሞ የሚለካው ከጎሉ ቋሚ ውስጠኛ ጠርዝ ነው፤ ብዙ ሰው ከውጭ ይጀምራል።

ታቹን በምስማር የበሳሳችሁት ጣሳ ለማፍሰሻ ይበቃል። የመስመሩ ስፋት ከ12 ሳንቲ ሜትር አይለፍ። ኖራ ዓይን ያቃጥላል፣ ጄሶ ካገኛችሁ እሱን ያዙ። ለፍጹም ቅጣት ምቱ ነጥብ ትንሽ አስተርፉ፤ ከእረፍት በፊት መጥፋቱ አይቀርም።