በዳገት ከተማ እግረኛን የሚያስረሱ ስህተቶች

ደሴ ሜዳ አይደለችም። ከጦሳ ተራራ ግርጌ፣ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች፣ ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ፋታ የማይሰጣት ከተማ ናት። መንገዷና ሕንፃዋ ግን ብዙ ጊዜ ለደልዳላና ለደረቅ አገር የተነደፈ ይመስላል።

ከሁሉ የሚያናድደኝ እያንዳንዱ ባለሕንፃ ደጁን በራሱ ልክ መሥራቱ ነው። መንገዱ ዳገት፣ የሱቁ ወለል ደግሞ ደልዳላ ነው፤ ልዩነቱ የሆነ ቦታ መውጣት አለበት፤ ባለቤቱም ወደ እግረኛው መንገድ ይገፋዋል። አንዱ ሦስት ደረጃ ያወጣል፣ ጎረቤቱ የመኪና መወጣጫ ያፈስሳል፣ ቀጣዩ አፈሩን እንዳለ ይተወዋል። ባለፈው ክረምት አክስቴን ከሰኞ ገበያ ስመልሳት፣ በአንድ እጇ ዘንቢል በአንድ እጇ ጃንጥላ ይዛ፣ መቶ ሜትር በማይሞላ ርቀት አራት ጊዜ አስፋልት ላይ ወረደች። በአራተኛው አንድ ባጃጅ አጠገቧ ሲጢጥ ብሎ ቆመ። «አብሽሪ እማማ» አላት ልጁ። «ምን አብሽሪ ትለኛለህ፣ መሄጃ አጥቼ እኮ ነው!»

መፍትሔው ውድ አይደለም። የእግረኛው መንገድ የአስፋልቱን ዳገት ተከትሎ ሳይቆራረጥ ይውጣ፤ ደረጃው ከበሩ ወደ ውስጥ ይግባ። ወደ ግቢ የሚገባ መኪናም እግረኛው መንገድ ላይ ወጥቶ ይለፍ እንጂ እግረኛው ለእሱ አይውረድ።

ሌላው ሴራሚክ ነው። ለሳሎን የተሠራ የሚያብለጨልጭ ነገር ደጅ ላይ ተነጥፎ ዝናብ ሲነካው ሳሙና ነው። ሸካራ ድንጋይ ይበቃል። አሸንዳውም ውሃውን በመንገደኛ አናት ላይ ከሚለቀው፣ በቱቦ ወርዶ ከእግረኛው መንገድ ሥር ወደ ቦዩ ይግባ።

አቋራጭን መዝጋት ግን ከባዱ ጥፋት ነው። መኪና ዳገቱን እየተጠማዘዘ ሲወጣ ሰው ቀጥ ብሎ ይወጣል። መኪና ስለማያልፍበት ፕላን ላይ ሳይሰፍር ይቀራል፤ ከዚያ አንድ ቀን አጥር ይበቅልበታል። አቋራጩ ይሰመር፣ ደረጃም ይሠራለት፦ ከፍታው 15፣ መርገጫው 30 ሴንቲሜትር ገደማ፣ ከላይ እስከ ታች እኩል። እግር የለመደውን ልክ ስለሚጠብቅ አንዷ ደረጃ ብቻ ከፍ ብትል ሰው ትጥላለች። በየአሥሩ ደረጃ ማረፊያ፣ ለአረጋውያን መደገፊያ፣ ለማታ መብራት ይኑረው፤ ጎርፉ የሚወርድበት ቦይም በጎኑ ይቆፈርለት፣ አለዚያ በክረምት ደረጃው ራሱ ፏፏቴ ይሆናል።

ኮምቦልቻ ላይ ችግሩ ሌላ ነው፤ በሚሌ በኩል የጅቡቲ ከባድ መኪና ያልፍባታል። እዚያ መንገድን ማስፋት ብቻውን እንደ ልማት ይታያል። በሴኮንድ አንድ ሜትር የሚራመዱ አዛውንት 14 ሜትር ለመሻገር 14 ሴኮንድ ይፈጅባቸዋል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚበር መኪና በዚያው ጊዜ ወደ 200 ሜትር ይጓዛል። ዜብራው ልክ ከመታጠፊያ ቀጥሎ ከተቀባ አዛውንቱ ሲነሡ መኪናው ገና አይታያቸውም። መሐል ላይ መቆሚያ ደሴት ቢሠራ መሻገሪያው ለሁለት ይከፈላል።

የእግረኛን መንገድ ስፋት የሚለካ ሰው ደግሞ እሑድ ጠዋት ባይመጣ ጥሩ ነው። ሰኞ፣ በገበያው ሰዓት ይምጣ። ሸክም የያዙ ሁለት ሰዎች ሳይነካኩ እንዲተላለፉ ሁለት ሜትር ያህል ባዶ ያስፈልጋል፤ የጉሊት ሻጯ ቦታ ከዚያ ውጭ ነው። ካልተለየላት መሐሉ ላይ መቀመጧ አይቀርም፣ የት ትሂድ?