የራያ ቆቦን ማሽላ በሳተላይት ምስል እንዴት እንከታተል?

ኅዳር ላይ ዛላው ባዶ ሆኖ ሲገኝ ድርቅ መኖሩን ለማወቅ ሳተላይት አያስፈልግም። ምስሉ የሚጠቅመው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው፤ ያኔ እንደ ጤፍና ሽምብራ ያለ ቶሎ የሚደርስ ምትክ ዘር ለማቅረብ ገና ጊዜ አለ። ለሥራው ኮምፒውተር፣ ኢንተርኔትና ለንግድ ላልሆነ ሥራ በነፃ የሚሰጠው ጉግል ኧርዝ ኢንጂን (የሳተላይት ምስል በኢንተርኔት የሚታይበትና የሚሰላበት አገልግሎት) ይበቃሉ።

መጀመሪያ ምስል መምረጥ ነው። የአውሮፓው ሳተላይት የሴንቲኔል-2 አንድ ፒክስል (የምስሉ ትንሿ ነጥብ) 10 ሜትር በ10 ሜትር ስለሆነ አንድ ጥማድ መሬት (ሩብ ሄክታር) 25 ፒክስል ይይዛል። በናሳ ሳተላይቶች ላይ ያለው ሞዲስ ግን በ250 ሜትር ስለሚያይ አንዱ ፒክስሉ 25 ጥማድ ይውጣል። ይህን ያየ ሁሉ ወደ ሴንቲኔል ይሮጣል። ሆኖም ድርቅ የሚታወቀው ያንኑ ቦታ ከቀደሙት ዓመታት ጋር በማወዳደር ነው፤ ሴንቲኔል-2 የተጀመረው በ2015 (እ.ኤ.አ.) ሲሆን የሞዲስ መዝገብ ከ2000 ይነሳል። ስለዚህ ወረዳውን በሞዲስ የ16 ቀን ጥንቅር (በ16 ቀን ከተነሱት ምስሎች ጥሩ ጥሩው ተመርጦ የተሠራ አንድ ምስል) ገምግሙ፤ የተጎዳውን ቀበሌ ለይቶ ለማየት ሴንቲኔልን ክፈቱ።

ቀጥሎ የእርሻ መሬቱን ለዩ። የአውሮፓ ጠፈር ኤጀንሲ በ10 ሜትር ባዘጋጀው ወርልድከቨር ካርታ ላይ የእርሻ መሬት ቁጥሩ 40 ነው፤ ሌላውን አስወጡ። ባሕር ዛፍና ቁጥቋጦ በደረቅ ዓመትም አረንጓዴ ሆነው አማካዩን ያሳስታሉ። በቆቦ ሜዳ በመስኖ የሚለማው ማሳም እንዲሁ ነው። በጥር ምስል ላይ ለምልሞ የሚታየው ማሳ መስኖ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ስለሆነ ለብቻው ይቀመጥ።

አረንጓዴነቱ የሚለካው በኤንዲቪአይ ነው፦ ተክሉ ከሚያንጸባርቀው ቅርብ-ኢንፍራሬድ (ዓይን የማያየው ብርሃን) ላይ ቀዩ ብርሃን ተቀንሶ ለሁለቱ ድምር ይካፈላል። ቀዩ 0.06፣ ኢንፍራሬዱ 0.42 ከሆነ 0.36 ለ0.48 ተካፍሎ 0.75 ይሰጣል። ሞዲስ ቁጥሩን በ10,000 አባዝቶ ስለሚያስቀምጥ 5400 ማለት 0.54 ነው። ይህ ቁጥር ብቻውን ግን ምንም አይናገርም። ለእያንዳንዱ ፒክስል የዚያኑ ወቅት የብዙ ዓመት ዝቅተኛና ከፍተኛ ፈልጉ። ዝቅተኛው 0.22፣ ከፍተኛው 0.62፣ የዘንድሮው 0.32 ቢሆን፣ 0.10 ለ0.40 ተካፍሎ በ100 ሲባዛ 25 ይሆናል። በተለምዶ ከ35 በታች የድርቅ ምልክት ተደርጎ ይወሰዳል።

ውጤቱን ከማመናችሁ በፊት የኤልኒኞውን የ2007 ዓ.ም. ክረምት (2015) በዚሁ መንገድ አስሉ። ያ ዓመት በቆላው ራያ ጎልቶ ካልወጣ ስህተቱ ከእርሻ ካርታው ወይም ከቀኑ ነው። ቀን ብዙ ሰው ያሳስታል፤ ሐምሌ 11ኛ ወር ነው ብሎ 11 የጻፈ የኖቬምበርን ምስል ያገኛል። ሐምሌ 1 ጁላይ 8፣ ነሐሴ 1 ኦገስት 7 ነው።

ዋናው ጠላት የክረምት ደመና ነው። ደመና ኤንዲቪአይን ዝቅ ስለሚያደርግ የሌለ ድርቅ ይፈጥራል። በሴንቲኔል-2 የምድብ ንብርብር ላይ 3፣ 8፣ 9 እና 10 የሆኑትን (የደመና ጥላና ደመና) አጥፉ። በአንድ ጥንቅር ወርዶ በሚቀጥለው የተመለሰ ቁጥር ደመና ነው፤ የደረቀ ማሽላ በ16 ቀን አይለመልምም። ደግሞም ከጃንዋሪ 25 ቀን 2022 ጀምሮ የሴንቲኔል-2 ቁጥሮች ላይ 1000 ተጨምሯል። ሃርሞናይዝድ የተባለውን ስብስብ ካልተጠቀማችሁ ከዚያ በፊት ያለው ከኋላው ጋር አይወዳደርም።

ዝናቡን ከ1981 ጀምሮ ከሚገኘው የዝናብ መረጃ ቺርፕስ በየአሥር ቀኑ ደምራችሁ ከአማካዩ ጋር አስተያዩ። አረንጓዴነት ዝናብን በሳምንታት ዘግይቶ ስለሚከተል የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ የዝናቡ ነው። ዝናቡ ደህና ሆኖ አረንጓዴው ከወረደ ድርቅ ብላችሁ አትቸኩሉ፤ ተምች፣ አንበጣ ወይም አቀንጭራ ሊሆን ይችላል፤ ገበሬው ማሽላውን ገልብጦ ጤፍ ዘርቶም ይሆናል። ተቃራኒውም አለ፦ ቅንጬ አረም የወረረው ማሳ ከላይ ሲታይ ያማረ ሰብል ይመስላል። ማሽላ ዛላ ሲያወጣ ውኃ ካጣ ደግሞ ቅጠሉ አረንጓዴ እንደሆነ ፍሬው ይመክናል። በኤንዲቪአይ ብቻ የምርት መጠን አትተንብዩ።

ስለዚህ በካርታው ላይ ድርቅ ከሚያሳየውም ደህና ከሚመስለውም ቦታ አሥር አሥር ነጥብ መርጣችሁ ለቀበሌው የልማት ሠራተኛ ላኩ። «ድርቅ አለ ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ እንዲህ የተጠየቀ ሰው የእርዳታው ዝርዝር ይታየዋል። ምን ተዘራ፣ መቼ ተዘራ፣ ተገልብጦ ነበር ወይ፣ ዛላ አውጥቷል ወይ በሉት፤ ከነመገኛ ነጥቡ ፎቶ ይላክላችሁ። መልሱ ከካርታው ጋር የማይገጥምበትን ነጥብ ለይታችሁ የእርሻ ካርታውን አርሙና ለሚቀጥለው 16 ቀን እንደገና አስሉ።