በወሎ ገበታ ላይ ሊወገዱ የሚገቡ የአመጋገብ ስህተቶች

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2015 በታወጀው የሰቆጣ ቃል ኪዳን፣ ኢትዮጵያ ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር (ለዕድሜ የሚገባውን ቁመት አለማግኘት) በ2030 ለማስቀረት ወስናለች፤ በ2022 ደግሞ ብሔራዊ የአመጋገብ መመሪያዋን ይፋ አድርጋለች። ይሁን እንጂ በ2019 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 37 በመቶው፣ በአማራ ክልል ደግሞ 41 በመቶው ቀንጭረው ተገኝተዋል።

የመጀመሪያው ስህተት መጥገብን እንደ በቂ ምግብ መቁጠር ነው። ቆላው በማሽላ እንጀራ፣ ደጋው በገብስ ሆዱን ቢሞላም፣ ጥራጥሬ፣ ጎመን፣ እንቁላል ወይም ወተት የጎደለው ገበታ ልጅን አያሳድግም።

ሁለተኛው የሕፃኑ አጥሚት መቅጠን ነው። ስድስት ወር የሞላው ልጅ ሆዱ ትንሽ ስለሆነ፣ ከማንኪያ ላይ እንደ ውኃ የሚፈስ አጥሚት ያጠግበዋል እንጂ አይገነባውም። ሦስት እጅ እህል ከአንድ እጅ የተቆላ ሽንብራ ወይም ባቄላ ጋር አስፈጭቶ ገንፎውን ወፈር ማድረግ፣ የተፈጨ ጎመንና ጥቂት ዘይት ወይም ቅቤ መጨመር ይገባል፤ የእናት ጡትም እስከ ሁለት ዓመት ይቀጥላል።

እንቁላሉን ሁሉ ለገበያ ማውጣትም የተለመደ ነው። የጨው፣ የሳሙናና የደብተር ወጪ የሚሸፈነው ከዚያ ስለሆነ እናቶችን መውቀስ አይገባም፤ ሆኖም ጥቂቱን ለልጅ ማስቀረት፣ በሽያጩ ብስኩት ገዝቶ ከመመለስ ይሻላል።

ጾምን በተመለከተ የሚሠራው ስህተት ስውር ነው። ቤተ ክርስቲያን ሕፃናትን እንዲጾሙ አታስገድድም፣ እስልምናም ለራሷ ወይም ለልጇ የሰጋችን ነፍሰ ጡርና አጥቢ ሴት ያስፈጥራል። ነገር ግን ድስቱ የፍስክ ምግብ ነክቶ ጾሙን እንዳያስፈርስ በመስጋት ሕፃኑም ሳይታወቅ አብሮ ይጾማል። ለልጁ ብቻ የምትለይ አንዲት ትንሽ ድስት ችግሩን ታቃልለዋለች።

ከምግብ በኋላ ወዲያው ቡና መጠጣት ሰውነት ከምግቡ ብረት እንዳይወስድ ያግዳል፤ በተለይ ነፍሰ ጡር አቦሉን አንድ ሰዓት ያህል ብታዘገየው መልካም ነው። አዮዲን ያለው ጨው ደግሞ በተከደነ ዕቃ ይቀመጥ፣ ወጡ ሊወጣ ሲልም ይጨመር።

እንደ ደላንታ ባሉ የወሎ አካባቢዎች የሚታወቀው አደጋ ግን ጓያ ነው። ድርቅን ስለሚቋቋም በክፉ ዘመን ብቸኛ ምግብ ይሆናል፤ ለወራት በብዛት ሲበላም እግርን ያሽመደምዳል፣ ጉዳቱም አይመለስም። በብዙ ውኃ ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋትና ከእህል ጋር መቀላቀል መርዙን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም፤ ስለዚህ ምስርና ሽንብራ በተገኘበት ጊዜ ጓያን የዕለት ወጥ ማድረግ አይገባም።