123,456,789ን ስንመረምር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ተማሪዎችን ሒሳብ ሳስጠና፣ የትልልቅ ሙሉ ቁጥሮችን ባሕርይ የማስጀምረው በ123,456,789 ነው፤ ማንም ሳያጠናው ያስታውሰዋል፣ ወጥመዱም ብዙ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት የአሃዞችን ድምር ደንብ ከድንበሩ ማሳለፍ ነው። ከ1 እስከ 9 ያሉት አሃዞች ተደምረው 45 ይሆናሉ፤ 45 ለ9 ስለሚካፈል ቁጥሩም ለ9 ይካፈላል። ሆኖም «45 ለ5ም ስለሚካፈል ቁጥሩ ለ5 ይካፈላል» የሚል ተማሪ በየዓመቱ አይጠፋም፤ ያውም መጨረሻው 9 መሆኑን እያየ! ደንቡ የሚሠራው 10፣ 100፣ 1,000 እና የመሳሰሉት ለ9 ሲካፈሉ 1 ስለሚተርፋቸው ነው፤ ለ5 ሲካፈሉ ግን ምንም አይተርፋቸውም። በዚህ ረገድ የአብነት ትምህርት የቀመሰ ልጅ ዕድለኛ ነው፤ ጎጃም ደግሞ እንዲህ ያለ ልጅ አታጣም። በግዕዝ አኃዝ 6,789 ፷፯፻፹፱ ተብሎ ስለሚጻፍ፣ ቁጥርን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ማየት ለምዷል። 100 ለ9ም ለ11ም ከሚካፈለው ከ99 በ1 ስለሚበልጥ፣ 1፣ 23፣ 45፣ 67 እና 89 ሲደመሩ የሚገኘው 225 የ9ንም የ11ንም ፍርድ ባንድ ጊዜ ይሰጣል፦ ለ9 ያለ ቀሪ ይካፈላል፣ ለ11 ሲካፈል ግን 5 ይተርፈዋል።

ከሁሉ የሚከፋው ቶሎ መታከት ነው። ቁጥራችን ለ9 ሲካፈል 13,717,421 ይደርሳል፤ ይህ ለ3፣ ለ7፣ ለ11 እና ለ13 እምቢ ሲል ተማሪው «ብቸኛ ቁጥር ነው» (ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የለውም) ብሎ ያሰምርበታል። እንዲህ ለማለት ግን እስከ ስኩዌር ሩቱ ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ መሞከር ግድ ነው፤ የዚህኛው ስኩዌር ሩት ደግሞ ከ3,703 ያልፋል። አንድ ተማሪዬ በስልኩ አንድ በአንድ እየሞከረ 3,571 ድረስ ዘለቀና፣ ማለትም የመጀመሪያዎቹን 500 ብቸኛ ቁጥሮች ጨርሶ፣ በቃኝ ብሎ ደብተሩን ዘጋ። አካፋዩ 3,607 ሲሆን 504ኛው ብቸኛ ቁጥር ነው፤ ልጁ አራት ሙከራ ብቻ ቀርቶት ነበር! 3,607 በ3,803 ሲባዛ 13,717,421 ይሆናል። ከስኩዌር ሩቱ በላይ መፈለግም ከንቱ ድካም ነው፤ ከእሱ የሚበልጥ አካፋይ ካለ ጥንዱ የግድ ከእሱ ያንሳልና።

እንደ 49 ያሉ በ9 የሚያልቁ የስኩዌር ቁጥሮች መኖራቸው ሌላውን ያሳስታል። የመጨረሻው አሃዝ አንድን ቁጥር ከስኩዌርነት ያስወጣ ይሆናል እንጂ ብቻውን አያስገባውም። የማንኛውም ጎዶሎ ቁጥር ስኩዌር ለ8 ሲካፈል 1 ይተርፈዋል፤ የእኛው ግን 5 ይተርፈዋል፣ ይህንንም ለማወቅ 789ን ብቻ ማካፈል ይበቃል። ካልኩሌተሩ የ123,456,789 ስኩዌር ሩት ብሎ የሚያሳየውን 11,111.11106 ወደ 11,111 ማጠጋጋትም አይገባም፤ 11,111 በራሱ ሲባዛ ከቁጥራችን በ2,468 ያንሳል።

ቁጥራችን 9 × 3,607 × 3,803 ስለሆነ፣ አካፋዮቹን ሲቆጥሩ 9ን እንደ ብቸኛ ቁጥር ይዘው 2 × 2 × 2 = 8 የሚሉም አሉ። 3 ግን ሦስት ምርጫ አለው፦ አለመግባት፣ አንዴ መግባት ወይም ሁለቴ መግባት። ስለዚህ መልሱ 3 × 2 × 2 = 12 ነው፤ የተረሱት አራቱም 3፣ 10,821፣ 11,409 እና 41,152,263 ናቸው።