ዕዳ ሲበዛ ቤትን መልሶ ማስያዝ፦ እንዴት ይደረጋል?

ደብረ ብርሃን ላይ ቤት አለዎት እንበል። በባንክ ብድር ተይዟል። በዚያ ላይ አራጣ አለ፣ የሱቅ ዱቤ አለ፣ በልተው ያልጨረሱት ዕቁብ አለ። ቤቱን በአዲስ ብድር መልሶ አስይዞ ሌላውን ዕዳ መዝጋት ይቻላል፤ ግን በቅደም ተከተል ይሁን።

መጀመሪያ ዕዳውን ሁሉ ወረቀት ላይ ያስፍሩ፦ ለማን፣ ስንት፣ በምን ወለድ። ዕቁብ ወለድ የለውም። ወለድ ባለው ብድር እሱን መክፈል ኪሳራ ነው፤ ለሰብሳቢው ሽማግሌ ልከው ጊዜ ቢለምኑ ይሻላል። አራጣው ግን ቶሎ ይነቀል።

ከዚያ ያበደረዎት ባንክ ዘንድ ሄደው የመክፈያ ጊዜው እንዲራዘም ወይም ብድሩ እንዲጨመር ይጠይቁ። እምቢ ካለ ሌላ ባንክ ይሞክሩ። ከተስማማ የቀድሞውን ዕዳ ከፍሎ መያዣውን ወደ ራሱ ያዞራል።

እዚህ ላይ ካልኩሌተር ያውጡ። 300,000 ብር በ16 በመቶ ወለድ በ5 ዓመት ሲከፈል በወር 7,295 ብር ገደማ ነው። ወደ 15 ዓመት ሲራዘም 4,406 ብር ይሆናል። እፎይ ያሰኛል! ጠቅላላ ወለዱ ግን ከ138 ሺህ ወደ 493 ሺህ ብር ገደማ ይወጣል። ስለዚህ «በወር ስንት?» ብቻ ብለው አይመለሱ። ቀድሞ መክፈል ቅጣት እንዳለውም ይጠይቁ።

ካርታ የሌለው ቤት ባንክ ደጅ አያደርስም። የጋራ ቤት ከሆነ ባልም ሚስትም ይፈርማሉ። የባንኩ መሐንዲስ የሚሰጠው ግምት ደላላ ከነገረዎት ዝቅ ቢል አይደንግጡ፤ የተለመደ ነው።

ውሉን ቤት ወስደው በእርጋታ ያንብቡ። በተለይ የሐራጁን አንቀጽ። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት፣ ውሉ ሥልጣን ከሰጠው ባንኩ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ፍርድ ቤት ሳይሄድ ቤቱን ሊሸጥ ይችላል። ባለሱቁ ይህ ሥልጣን የለውም። የዱቤ ዕዳ ወደ ቤት ብድር ሲዞር የሚለወጠው ትልቁ ነገር ይሄ ነው፤ ለትንሽ ዱቤ ብሎ ቤት ማስያዝ አይመከርም።

ገንዘቡ ሲለቀቅ አራጣ አበዳሪውን በምስክር ፊት ይክፈሉ። ለመተማመኛ የሰጡት ባዶ ቼክ ካለ እጅዎ ሳይገባ ብር አያስረክቡ። «ቼኩ ቤት ነው፣ ነገ አመጣለሁ» ካለ፣ እርስዎም ክፍያውን ለነገ ያቆዩት።